ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) የ90 ቀን ደብዳቤ መጣብኝ፣ የእቁብ ገንዘቤን ገቢ ብለውታል። ሳልከፍል መከራከር እችላለሁ?

ሹፌሩ_ሲልቨርስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁም። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ በአፕ ታክሲ እሠራለሁ። የ2022 ታክሴ ኦዲት ሲደረግ ኦዲተሯ የባንክ ስቴትመንቴን ወስዳ የገባውን ገንዘብ ሁሉ ደመረች፣ ከዚያ ሪፖርት ካደረግኩት ጋር አስተያየችው። የ24,000 ዶላር ልዩነት ተገኘ፣ እሱም ያልተገለጸ ገቢ ተባለ። ያ ገንዘብ ግን እቁብ ነው። 24 ሰዎች ነን፣ በወር አንድ አንድ ሺህ እንጥላለን። በዚያ ዓመት ለእኔ ወጣልኝና ባንክ አስገባሁት፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

አሁን በሰርቲፋይድ ሜይል ደብዳቤ መጥቷል። ራሱ ላይ ኖቲስ ኦፍ ዴፊሸንሲ ይላል። ከነቅጣቱ ከ9,000 ዶላር በላይ ነው የሚጠይቀኝ። አንዱ ጓደኛዬ ክፈልና ተገላገል ይላል፣ ሌላው ጠበቃ ካልያዝክ አይሆንም ይላል። እኔ ያላገኘሁትን ገቢ አገኘህ ተብዬ መክፈሉ አልዋጥልህ ብሎኛል። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ንገሩኝ።

ሰብለ_ኢኤ

ወንድሜ፣ ኢንሮልድ ኤጀንት (ኢኤ) ነኝ፣ አይአርኤስ ፊት ሰው ለመወከል ፈቃድ ያለኝ የታክስ ባለሙያ ማለት ነው፣ ይሄ ደብዳቤ በየሳምንቱ እጄ ላይ ይገባል። መጀመሪያ ተረጋጋ። ይሄ ገና የክፍያ ቢል አይደለም። አይአርኤስ "ይህን ያህል ልንጭንብህ ነው፣ ካልተስማማህ ፍርድ ቤት ሂድ" የሚልበት ሕጋዊ ማስታወቂያ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ለዩናይትድ ስቴትስ ታክስ ኮርት አቤቱታ ካስገባህ አንድ ሳንቲም ሳትከፍል ትከራከራለህ። ክርክሩ እስኪያልቅም ያንን ታክስ ሊጭኑብህ ወይም ደሞዝህንና ባንክህን ሊይዙብህ አይችሉም። ወለዱ ግን ይቆጥራል፣ እሱን እወቅ።

ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው እጅህ ከገባበት አይደለም፣ በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ነው። የመጨረሻው ቀን እዚያው ተጽፎልሃል፣ ፈልገው። እና አንድ ነገር አስምርልኝ፦ ለኦዲተሯ ስልክ መደወል፣ ሰነድ ፋክስ ማድረግ፣ "እያየነው ነው" የሚል መልስ ማግኘት፣ አንዱም ቀኑን አያቆመውም። ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ከኦዲተሯ ጋር ሲጻጻፍ 90 ቀኑ ያልቃል፣ በሩ ይዘጋል።

ማስገቢያው 60 ዶላር ነው፣ አቅም ለሌለው እሱንም ማስቀረት ይቻላል። የሚሞላው ፎርም 2 ነው፣ ቀላል ነው። ፎርም 4 ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን ለብቻ ትሰጣለህ፣ ፎርም 5 ላይ የት ከተማ መሟገት እንደምትፈልግ ትመርጣለህ። ከደብዳቤው ኮፒ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን በጥቁር ሸፍነህ አያይዘው። ዶሰን በሚባለው የፍርድ ቤቱ ሲስተም ኦንላይን ይገባል። ለአይአርኤስ እንዳትልከው! ፍርድ ቤቱ ሌላ፣ አይአርኤስ ሌላ ነው።

ያንተ ለዓመቱ ከ50,000 ዶላር በታች ስለሆነ ስሞል ኬዝ የሚለውን መምረጥ ትችላለህ። አሠራሩ ቀለል ያለ ነው፣ ዳኛው በማስረጃ ሕግ ሥነ ሥርዓት አያስጨንቅህም። ጉዳቱ ከተፈረደብህ ይግባኝ የለውም፣ እነሱም ቢሸነፉ እንደዚያው።

ጋሽ_ደሳለኝ

ልጄ፣ እኔ 30 ዓመት በላይ እዚህ አገር ኖሬያለሁ። ከመንግሥት ጋር ተካስሶ ያተረፈ አላየሁም። 9,000 ዶላር ያማል፣ ግን ትሠራዋለህ። ከፍለህ ደግሞ በኋላ ይመለስልኝ ብለህ መክሰስ ይቻላል ይባላል።

ሰብለ_ኢኤ

ጋሽ ደሳለኝ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እዚህ ላይ አልስማማም። ከፍሎ መክሰስ እውነት አለ፣ በፌዴራል ዲስትሪክት ኮርት ወይም በኮርት ኦፍ ፌዴራል ክሌምስ ነው። ግን እዚያ ለመግባት መጀመሪያ ሙሉውን ታክስ መክፈል ግድ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍሎራ በሚባለው መዝገብ በ1960 አምስት ለአራት ሆኖ የወሰነው ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ከፍለው ሪፈንድ ይጠይቃሉ፣ እምቢ እስኪሏችሁ ወይም 6 ወር እስኪሞላ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ነው ክሱ። እምቢታው በደብዳቤ ከመጣ ደግሞ 2 ዓመት ነው ያላችሁ። ጁሪ የምትፈልጉ ከሆነ ዲስትሪክት ኮርት ብቻ ነው ያለው። ለሀብታም ሰው ጥሩ መንገድ ነው። ለታክሲ ሹፌር ግን ታክስ ኮርት የተፈጠረው ለዚሁ ነው፣ በ1924 ቦርድ ሆኖ ሲቋቋምም ሰው ሳይከፍል እንዲከራከር ተብሎ ነው።

አብዛኛው መዝገብ ደግሞ ችሎት ሳይደርስ በስምምነት ነው የሚያልቀው። ስለዚህ "ተካስሶ" የሚለው ቃል እንደሚያስፈራው አይደለም።

የአርሊንግተኗ

የእኔም ጉዳይ እቁብ ነበር፣ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፍልህ።

አቤቱታውን ካስገባሁ በኋላ ፋይሌ ወደ አፒልስ ሄደ። አፒልስ እዚያው አይአርኤስ ውስጥ ያለ ቢሮ ነው፣ ግን ከኦዲተሮቹ የተለየ ነው፣ ሥራው ነገሩን አይቶ ፍርድ ቤት ቢሄድ ማን ያሸንፋል ብሎ መዝኖ መስማማት ነው። የደረሰኝ ኦፊሰር እቁብ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ እቁብ ባህልነት ማውራት ጀመርኩ፣ ሰውየው በጨዋነት ሰማኝ፣ ግን ምንም አልጻፈም። ብዕሩን ያነሳው ቁጥር ሳሳየው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕጣው የወጣልኝ በ5ኛው ወር ነው። ስለዚህ ከ20 ሺው ውስጥ (የእኛ 20 ሰው ነበርን) 5 ሺው ቀድሜ የጣልኩት የራሴ ገንዘብ ነው። የቀረው 15 ሺህ ደግሞ ከሌሎቹ የተበደርኩት ነው፣ በቀጣዮቹ 15 ወራት መልሼዋለሁ። ብድር ገቢ አይደለም። የራስ ቁጠባም ገቢ አይደለም። ይህን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አድርጌ፣ ከጎኑ በየወሩ ከባንኬ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) የወጣውን አንድ ሺህ ከነቀኑ ደረደርኩት። ገባኝ አለ።

ከዚያ የእቁብ ደብተሩ። የእኛ ጸሐፊ ሁሉን በአማርኛ ነው የምትጽፈው፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ነው። ያወጣሁበት ገጽ "ጥር 14 ቀን 2014" ይላል። ቀኑ ዝም ብሎ እንዳለ ቢተረጎም ኦፊሰሩ የሚያየው የ2014 ሰነድ ነው፣ የእኔ ኦዲት ደግሞ የ2022 ነው! ተርጓሚው ከጎኑ ጃንዋሪ 22 ቀን 2022 ብሎ እንዲጽፍና የቀን አቆጣጠሩን ልዩነት በአንድ አረፍተ ነገር እንዲያስረዳ አደረግኩ። ባንክ የገባው ከዚያ ሁለት ቀን በኋላ ሰኞ ነው፣ ተገጣጠመ።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን የዋስ ወረቀቱ ነው። ዕጣ ሲወጣልህ ዋስ ጠርተህ ትፈርም የለ? ያ ወረቀት ላይ "ቀሪውን በየወሩ እከፍላለሁ፣ ባልከፍል ዋሴ ይከፍላል" ይላል። ይሄ እኮ የብድር ውል ነው። ኦፊሰሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። የእቁቡ ዳኛም አስፈላጊ ከሆነ ቀርቤ እመሰክራለሁ ብለው ፈርመውልኝ ነበር፣ ግን አላስፈለገም። በመጨረሻ እኔና የአይአርኤስ ጠበቃ ዕዳው ዜሮ ነው የሚል ወረቀት ላይ ፈረምን፣ ዳኛው አጸደቀው።

ያንተም ዋስ ካለህ ያንን ወረቀት ዛሬውኑ ፈልግ።

ሹፌሩ_ሲልቨርስፕሪንግ

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሁለት ዋስ ነበረኝ፣ ወረቀቱ ጸሐፊው ጋ መኖር አለበት። ቀናችንም በእኛው ነው የተጻፈው፣ ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር።

ግን አንድ ጥያቄ። ችሎት ብንደርስ ገቢ መሆኑን ማስረዳት ያለባቸው እነሱ አይደሉም?

ሰብለ_ኢኤ

ይሄ ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር ነው። እንደ ወንጀል ክስ አይደለም። በታክስ ኮርት በአብዛኛው የማስረዳት ሸክሙ ያንተ ነው። አካውንትህ ውስጥ የገባ ገንዘብ ምንጩ ካልታወቀ እንደ ገቢ ማስረጃ ይቆጠራል፣ ከሌላ ምንጭ መሆኑን ማሳየት የአንተ ሥራ ነው። ሸክሙ ወደ እነሱ የሚዞርባቸው ሁኔታዎች አሉ፣ ግን እዚያ ለመድረስም ቀድመህ ወረቀት መያዝና መተባበር አለብህ። ስለዚህ የአርሊንግተኗ እንዳለችው ነው፣ ደብተር፣ የዋስ ወረቀት፣ ዜል።

ከዚህ የሚለየው 1099 ነው፣ ከፋዩ ይህን ያህል ከፈልኩት ብሎ ለአይአርኤስ የሚያሳውቅበት ፎርም። አንድ ሰው ያልከፈለህን ከፈልኩ ብሎ 1099 ቢልክብህና አንተ በምክንያት ከተቃወምክ፣ ከተባበርክም፣ አይአርኤስ ያንን አንድ ወረቀት ብቻ ይዞ መቆም አይችልም፣ ሌላ ማስረጃ መጨመር አለበት። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸው ለተሰረቀባቸው ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

መኪናዬ_ዳላስ

ስለ 1099 ከተነሳ ለአፕ ታክሲና ለዴሊቨሪ ሠራተኞች ልጨምር። 1099-ኬ ላይ የሚጻፈው ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ነው፣ ኩባንያው የቆረጠው ኮሚሽን ሳይቀነስ። እጃችሁ የገባውን ብቻ ሪፖርት ካደረጋችሁ ኮምፒውተሩ ልዩነት አገኘሁ ብሎ ሲፒ2000 የሚባል ደብዳቤ ይልካል። መፍትሔው ጠቅላላውን ጽፎ ኮሚሽኑን ወጪ ላይ መቀነስ ነው። የዓመቱን የታክስ ሰመሪ ከአፑ አውርዱና አስቀምጡ።

እና ሲፒ2000 የ90 ቀኑ ደብዳቤ አይደለም። ሐሳብ ነው። እሱ ላይ መልስ ካልሰጣችሁ ነው የ90 ቀኑ የሚከተለው።

ሰብለ_ኢኤ

ትክክል ነው። ወጪን በተመለከተ ደግሞ፣ ሰው "ዳኛው በግምት ይሰጠኛል" ሲል እሰማለሁ። ግምት የሚባለው መነሻ አለው። በ1930 ጆርጅ ኮሃን የሚባል የብሮድዌይ ሰው ደረሰኝ ሳይኖረው ወጪ ጠየቀ፣ ዳኛ ለርንድ ሃንድ ደግሞ መውጣቱ ከታመነ ፍርድ ቤቱ የቻለውን ያህል ይገምት ብለው ፈረዱ። እስከ ዛሬ ይሠራል። ግን ለጉዞ፣ ለስጦታ፣ ለቤትም ለሥራም ለሚነዳ መኪና ኮንግረስ በኋላ በሩን ዘግቶታል። እዚያ ላይ ቀን፣ ማይል፣ ወዴት፣ ለምን የሚል መዝገብ ያስፈልጋል። ዳኛው ቢያዝንልህም መገመት አይፈቀድለትም። ከኦዲት ወዲህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቀለም የተጻፈ ሎግ ይዘው የሚቀርቡ አሉ፣ ዳኞቹ ወዲያው ያውቁታል።

ማርታ_አትላንታ

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ይለያል። እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፣ በየወሩ እልክላታለሁ፣ ሌላ የሚረዳት የለም። ታክስ የሠራልኝ ሰው ዲፔንደንት (በእኔ የምትተዳደር) አድርጎ አስገብቷት ነበር፣ አሁን ሰርዘውት ቅጣት ጨመሩበት። የላክሁበት ደረሰኝ ሁሉ አለኝ። ታክስ ኮርት ብሄድ ይፈርዱልኛል?

ሰብለ_ኢኤ

ማርትዬ፣ በዚህ ላይ እውነቱን መስማት ይሻልሻል። አይፈርዱልሽም። ዲፔንደንት የሚሆነው ሰው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ናሽናል፣ አለዚያ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። እናትሽ ኢትዮጵያ እስከኖሩ ድረስ ሙሉ በሙሉ አንቺ ብታስተዳድሪያቸውም ሕጉ አይፈቅድም። ይሄ ሕግ ስንቱን ወገናችንን እንደሚጎዳ አውቃለሁ፣ ደሞዙን ግማሽ ለቤተሰብ የሚልክ ሰው አንድ ብር አይቀነስለትም፣ እኔ በበኩሌ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ግን ዳኛ ሕግ አይቀይርም።

መከራከር የምትችይው በቅጣቱ ላይ ነው። ለሠራልሽ ሰው እናትሽ ኢትዮጵያ እንዳሉ በግልጽ ነግረሽው ከነበረ፣ እሱም ብቁ ባለሙያ ሆኖ ይቻላል ካለሽ፣ በቅን ልቦና ተማምኜ ነው ብለሽ ቅጣቱ እንዲነሳልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። የተጻጻፋችሁት ቴክስት ካለ አትደምስሺው።

ነፃ_ሰው_77

ሁላችሁም ተታላችኋል። የገቢ ታክስ በሕገ መንግሥቱ የለም። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው በደንብ ያስረዳል፣ አቤቱታው ላይ ይህን ብቻ ጻፍ።

መኪናዬ_ዳላስ

እባክህ ሰው አታስበላ። 16ኛው ማሻሻያ ከ1913 ጀምሮ አለ። ይህን ክርክር ይዞ የሄደ ሰው እስከ 25,000 ዶላር ተጨማሪ ቅጣት ሊወሰንበት ይችላል፣ ታክስ ኮርት ይህን ቅጣት በተደጋጋሚ ፈርዷል። ሹፌሩ እውነተኛ ጉዳይ አለው፣ እንዲህ ባለ ነገር አታበላሽበት።

ዘውዱ_ሲያትል

እኔ ቤት ቀይሬ ደብዳቤው ወደ ድሮው አድራሻ ሄደ። ሳውቅ 90 ቀኑ አልፏል። አሁን ቢል መጥቷል። አልቆልኛል ማለት ነው?

ሰብለ_ኢኤ

አላለቀም፣ ግን መንገዱ ጠበበ። አይአርኤስ ወደሚያውቀው የመጨረሻ አድራሻ ከላከ፣ አንተ ባታየውም ማስታወቂያው ይጸናል። አዲሱን አድራሻ ቀድመህ ነግረሃቸው ከነበረ፣ ለምሳሌ በአዲሱ አድራሻ ታክስ ፋይል አድርገህ ከነበረ፣ ያ ራሱ ክርክር ነው፣ ጠበቃ ይየው። ካልሆነ ኦዲት ሪኮንሲደሬሽን ጠይቅ፣ አዲስ ማስረጃ ይዘህ እንደገና እንዲያዩት ማለት ነው። ከፍሎ ሪፈንድ መጠየቁም አለ። ንብረት ልንይዝ ነው የሚል ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ፎርም 12153 ሞልተህ ሂሪንግ ጠይቅ። የ90 ቀኑን ደብዳቤ በትክክል ካልደረሰህ እዚያ ላይ ዕዳውን ራሱን ማንሳት ትችል ይሆናል።

ቀን ማለፉን በተመለከተ፣ በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቤክለር በተባለው መዝገብ ከሂሪንጉ ውሳኔ በኋላ ወደ ታክስ ኮርት ለመሄድ ያለውን የ30 ቀን ገደብ በበቂ ምክንያት ማሳለፍ ሊታለፍ ይችላል ብሏል። እዚያ ያረፈደችው ድርጅት በአንድ ቀን ነበር። ስለ 90 ቀኑ ግን ታክስ ኮርት በዚያው ዓመት ፍንክች አልልም አለ። በ2023 የፊላደልፊያው ይግባኝ ሰሚ በተቃራኒው ወሰነ። የአንተ ሲያትልም የሹፌሩ ሜሪላንድም ከዚያ ፍርድ ቤት ክልል ውጪ ናቸው፣ ስለዚህ ቀኑን ያላሳለፈ ሰው በዚህ እንዳይተማመን።

ስለ ሰዓትም ልናገር። በ2023 የተወሰነ አንድ መዝገብ አለ፣ የአላባማ ባልና ሚስት በመጨረሻው ቀን ማታ በእነሱ ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር) 11:05 ላይ ኦንላይን አስገቡ። ዋሽንግተን ግን እኩለ ሌሊት አልፎ 12:05 ሆኖ ነበር። ተዘጋባቸው። የሚቆጠረው የምሥራቁ ሰዓት ነው። በአሜሪካ ፖስታ ቤት፣ በተለይ በሰርቲፋይድ፣ ለሚልክ ግን ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ይቆጠርለታል።

ጋሽ_ደሳለኝ

ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር፣ እውነት ለመናገር ተምሬበታለሁ። ልጄ ተከራከር። ግን እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ምን ይሁን? ጠበቃ የሚከፍለውስ ከየት ያመጣል?

የአርሊንግተኗ

ጋሼ፣ ነፃ የታክስ ክሊኒኮች አሉ። ሎው ኢንካም ታክስፔየር ክሊኒክ ይባላሉ። ገቢያችሁ ከፌዴራል የድህነት መስመር 250 በመቶ በታች ከሆነና ክርክሩ በዓመት ከ50,000 ዶላር በታች ከሆነ በአብዛኛው ይቀበሏችኋል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው መብቱን ማስረዳትም ከሥራቸው አንዱ ነው። ዋሽንግተን የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ክሊኒክ አለው። እኔን የረዱኝ ተማሪዎች ናቸው፣ ፕሮፌሰራቸው እየተከታተላቸው። እንደዚያ የተዘጋጀ ሰው በገንዘቤም ባገኝ እጠራጠራለሁ። ዝርዝሩ አይአርኤስ በሚያወጣው ፐብሊኬሽን 4134 ላይ በየስቴቱ አለ።

ችሎት ቀን ራሱ ካልኩለስ ኮል ሲባል ጠበቃ የሌለውን ሰው ለመርዳት በጎ ፈቃደኛ ጠበቆች ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛሉ። ግን እስከዚያ አትጠብቁ።

ሰብለ_ኢኤ

ካላንደር ኮል ለማለት ፈልጋ ነው፣ መዝገቦቹ ተራ በተራ የሚጠሩበት። የቀረው ልክ ነው። እኔም አይአርኤስ ፊት ልወክላችሁ እችላለሁ፣ ታክስ ኮርት ለመቆም ግን ጠበቃ ያልሆነ ሰው የፍርድ ቤቱን ፈተና ማለፍ አለበት። ኢኤ ነኝ ብቻ ብሎ ችሎት እቆምልሃለሁ የሚላችሁ ካለ ጠይቁት።

ሄኖክ_ቬጋስ

አዲስ አበባ የዳያስፖራ የውጭ ምንዛሪ አካውንት አለኝ፣ ሪፖርት ሳላደርግ ቆይቻለሁ። ይሄም ታክስ ኮርት ነው የሚታየው?

ሰብለ_ኢኤ

አይደለም። የውጭ አካውንቶችህ ድምር በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባል ሪፖርት አለ፣ ቅጣቱ የሚሄደው ዲስትሪክት ኮርት ነው። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቢትነር በሚባል መዝገብ፣ ሆን ብሎ ላልተወ ሰው ቅጣቱ በሪፖርት እንጂ በአካውንት ብዛት አይቆጠርም አለ። ሰውየው ከ2.72 ሚሊዮን ወደ 50,000 ዶላር ወረደለት። ግን ደብዳቤ ሳይመጣብህ በፊት ማስተካከያ መንገዶች አሉ፣ ለብቻው ክር ክፈትና እንነጋገርበት።

ሹፌሩ_ሲልቨርስፕሪንግ

ወገኖቼ፣ የዋስ ወረቀቱ ተገኘ። ጸሐፊው ሁለቱንም ገጽ ከደብተሩ ጋር ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ ለተርጓሚ ሰጥቼዋለሁ። ዶሰን ላይ አካውንት ከፍቼ ፎርም 2 እየሞላሁ ነው፣ ለከተማ ዋሽንግተንን መርጫለሁ። ስሞል ኬዝ ነው ያልኩት። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ታክሱን ያስገባነው ከባለቤቴ ጋር በጋራ ነው፣ ደብዳቤው ላይም የሁለታችንም ስም አለ። እሷም መፈረም አለባት ወይስ የእኔ ብቻ ይበቃል?

ሰብለ_ኢኤ

እሷም ትፈርም። አንተ ብቻ ከፈረምክ አቤቱታው ያንተ ብቻ ነው የሚሆነው። 90 ቀኑ ሲያልፍ ታክሱን በእሷ ስም ይጭኑታል፣ አንተ ፍርድ ቤት እየተከራከርክም ከእሷ መጠየቅ ይችላሉ። የሁለታችሁንም ስም ከላይ ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ፎርም 4 ላይም የሁለታችሁንም ቁጥር ስጡ። ዛሬ ማታ አስገባው፣ የመዝገብ ቁጥሩ ሲመጣ እዚህ አሳውቀን።